ለሰሚው ግራ

በስቱዲዮው ውስጥ «ሻለቃ» ብለው ስም ያወጡላት ከበሮ መቺዎቹ ናቸው። የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመቅረጫ ክፍሉ መስታወት ወዲህ ተቀምጣ «ቁም! ከላይ ጀምር!» ስትል፣ ጢማቸው የሸበተ ሙዚቀኞች ሳይቀሩ እንደ አዲስ ምልምል ቀጥ ይሉ ነበር። ሥራዋ ድምፅ ማቀናበር ነው። ዘፋኙም፣ ጊታሩም፣ ከበሮውም፣ አጃቢዎቹም ለየብቻ ከተቀዱ በኋላ እሷ ትረከባቸዋለች። አንዱን ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ እያደረገች፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያዩ የተጫወቱ እስኪመስሉ ድረስ ታስማማቸዋለች። «ሻለቃ ጉንዳን ሲያስነጥሰው ትሰማለች» ይባል ነበር። እሷም ይህን ወሬ አስተባብላ አታውቅም።

ስልሳ አንድ ዓመት ሲሞላት ሥራውን በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ቀነሰችው። በተረፉት ቀኖች፣ ልክ አስር ሰዓት ሲሆን፣ ሳሎኗ ውስጥ ከሁለቱ ስፒከሮቿ ፊት ትቀመጣለች። ስፒከሮቹ ከእንጨት የተሠሩ፣ ቁመታቸው ደረት የሚደርስ ናቸው። ወንበሯ የሚቆምበት ቦታ ወለሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር ምልክት ተደርጎበታል፤ በገመድ ለክታ ነው ያስቀመጠችው። ባሏ ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ስፒከሮቹን እያሳየ «ቁመታቸው እዚህ ድረስ ነው፤ ቁጣቸው ግን ከራሴ በላይ ነው» ይላል። ከዚያ ውጭ አይናገርም። በዚያች ሰዓት ጋዜጣውን ይዞ ወደ ኩሽና ይሰደዳል።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ልጃቸው ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ነርስ ናት። የተከራየችበትን ቤት ባለቤቶቹ ለራሳቸው ፈለጉት፤ የገዛችው አፓርታማ ደግሞ ተሠርቶ ለማለቅ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል። የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ጠዋት ገብታ እስከ አመሻሽ ትተኛለች። የተሰጣት ክፍል ደግሞ ከሳሎኑ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ነው።

በመጀመሪያው ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ አንድ መቶ ሰው ያለበት መዘምራን በሳሎኑ ውስጥ ድንገት ተነሣ። የመኝታ ቤቱም በር ተከፈተ። ልጅቷ ትራሷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆመች።

«እማ፣» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ቆሜ ነው ያደርኩት። ሰዎቹ ሁሉ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ዝም ይበሉልኝ።»

ሻለቃ አጠፋችው። በማግስቱ በጣም ዝቅ አድርጋ ሞከረች። ግን ዝቅ ያለ ሙዚቃ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ነው፤ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ጣዕም የለውም። በሦስተኛው ቀን ክንዷን አጣጥፋ ከዝምተኞቹ ስፒከሮች ፊት ለፊት ተቀመጠች። ባሏ ከኩሽና ብቅ አለ።

«የጆሮ ማዳመጫ ግዢ» አላት።

«ጆሮን አፍኖ ሙዚቃ መስማት ፊትን ሸፍኖ መሳም ነው።»

«ተሸፍኖም ቢሆን ከነጭራሹ ካለመሳም ይሻላል» አለና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

ነገሩን ስታላምጠው አደረች። ሰውዬው ሲናገር ጥቂት ነው፤ የተናገረው ግን እንደ ሚስማር ገብቶ ይቀራል። ስምንት ወር ደግሞ ረጅም ነው። በነጋታው ቁርስ ላይ ውሳኔዋን አሳወቀች። «እገዛለሁ። ግን ስፒከሮቼን የሚተካ ሳይሆን ተጠባባቂ ነው የሚሆነው። ተጠባባቂም ቢሆን እኔ ቤት የሚገባ ደህናው ነው።»

ስለ ጆሮ ማዳመጫ ከማንም በላይ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች። ሻለቃ ራሷ ነበረች ያሠለጠነቻት። ቁመቷ ረጅም፣ አንገቷም ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሰው «ቀጭኔ» ነው የሚላት፤ እሷም በስሙ ትስቃለች። ሥራዋን የምትጨርሰው ማዳመጫ አድርጋ ነበር። ሻለቃ ግን ልትጠይቃት አልፈለገችም። ከተነጋገሩ አሥራ አራት ወር አልፏል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ አልበም አልቆ፣ ዘፋኙም የስቱዲዮው ባለቤትም ባሉበት እየተደመጠ ሳለ፣ ቀጭኔ ቀስ ብላ «ሻለቃ፣ ግራው ትንሽ የሚጮህ አልመሰለዎትም?» አለች። ሻለቃም ዞር ሳትል «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ጆሮሽን ታጥበሽ ነይ» አለቻት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ቀጭኔ አልሳቀችም። በወሩ ስቱዲዮውን ለቀቀች፤ መጻሕፍት በድምፅ የሚቀዱበት የራሷን ትንሽ ክፍል ከፈተች። ሻለቃም «ሄደች?» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ስለዚህ ማዳመጫውን ለመምረጥ ብቻዋን ወጣች። ብቻዋን መሆኗም አላሳሰባት፤ በጆሮ የሚመረጥ ነገር ሻለቃን ምን ያስፈራታል?

ሱቁ በሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወለሉ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ የማዳመጫ ክፍል አለው። ሻጩ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው።

«በምን ዓይነት ሙዚቃ ልክፈትልዎት?» አላት።

«የራሴን ይዣለሁ» ብላ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ራሷ ያቀናበረችው ሥራ ነው፤ አሥራ ሁለት ሴቶች ያለ መሣሪያ የሚዘምሩበት። እያንዳንዷን ትንፋሽ በቃሏ ታውቃለች። ሁለተኛው ስንኝ ሊጀመር ሲል፣ በስተግራ ጥግ የተቀመጠችው ሴት ክብደቷን ስታዛውር ወንበሯ ሲጥ ይላል። ያኔ «ይጥፋ» ቢሏት አሻፈረኝ ብላ የተወችው ድምፅ ነው። «ሰው መኖሩን የሚናገረው እሱ ነው» ብላ። እንግዲህ ያቺን የወንበር ሲጥታ አጥርቶ ያላሰማ ማዳመጫ ለሷ ማዳመጫ አይደለም።

ሻጩ አምስት ማዳመጫዎች በተርታ አስቀመጠላት። የመጀመሪያው ጀርባው የተዘጋ፣ ወፍራም ቆዳ የለበሰ ነው። አደረገችው። ሁለተኛው ስንኝ ደረሰ፤ ሲጥታው የለም።

«ይሄ ጓዳ ውስጥ የታሰረ ድምፅ ነው። ውሰድልኝ።»

ሁለተኛው ከብረት የተሠራ ነው፤ ክብደቱ አንገት ይሰብራል። ሲጥታው የለም። ሦስተኛው ምቹ ነበር፣ እንደ ትራስ። የለም። «ይሄ ለእንቅልፍ ነው እንጂ ለመስማት አይደለም።» አራተኛው ቀላል፣ ጀርባው በወንፊት የተከፈተ ነው፤ ሳንቲም ሲወድቅ እንኳ የስንት እንደሆነ የሚለይ ይመስላል። እሱም ላይ የለም። ይባስ ብሎ ግራው ሙሉ በሙሉ የደበዘዘ መሰላት።

«ይሄስ ቆርቆሮ ነው» አለች። «ደግሞ አንድ ጎኑ ሞቷል። ሱቃችሁ ውስጥ ደህና ዕቃ የለም?»

«እናቴ፣» አለ ሻጩ በትዕግሥት፣ «ይሄን ትናንት አንድ ፒያኖ ተጫዋች ሁለት ሰዓት አዳምጦት ነው የሄደው። ቅር አላለውም።»

«ፒያኖ ተጫዋች በጣቱ ነው የሚሰማው። አምስተኛውን ስጠኝ።»

አምስተኛውም ያው ነው። ሻለቃ ልታወልቀው እጇን አነሣች፤ ከዚያ ቆም አለች። አምስት ፋብሪካዎች ተማክረው አንዲት የወንበር ሲጥታ ሊያጠፉባት አይችሉም። በሥራዋ ዘመን ሁሉ አንድ ደንብ ነበራት፤ ብልሽት ሲያጋጥም ገመዶቹን ታለዋውጣለች፤ ብልሽቱ አብሮ ከዞረ ዕቃው ነው፤ ካልዞረ ሌላ ቦታ ነው።

ማዳመጫውን አዞረችው። የግራውን በቀኝ ጆሮዋ፣ የቀኙን በግራ ጆሮዋ አደረገች። ከመጀመሪያው አስከፈተችው።

ሁለተኛው ስንኝ ሊጀመር ሲል፣ በቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ወንበሩ ሲጥ አለ። የትናንት ያህል ጥርት ብሎ። የደበዘዘው ጎን ግን አሁንም ግራው ነበር።

ለሰሚው ግራ የሆነ ነገር ይባላል፤ ለሷ ግን ግራው ራሱ ነበር ነገሩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ሰማችው። ከዚያ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«ምነው፣ ችግር አለ?» አላት ሻጩ።

«አለ። ግን ዕቃህ ላይ አይደለም» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «አምስቱንም በከንቱ ሰድቤብሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። እነዚሁኑ አስቀምጥልኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ።»

«ይምጡ፣ እናቴ» አለ ሻጩ፤ ደረጃው ድረስም ሸኛት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ኩሽና ውስጥ ድንች እየላጠ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ነገረችው። ቢላውን አስቀምጦ እጁን በፎጣ ጠረገ።

«ግራውን ስፒከር» አለ በመጨረሻ፣ «ካቻምና አንድ ስንዝር ወደ ወንበርሽ አስጠጋሽው። አምና ደግመሽ አስጠጋሽው። በቀደም ደግሞ ወንበርሽ ራሱ ከምልክቱ ወደ ግራ ወጥቶ አየሁት።»

«ወለሉ ነው፣ ጠሟል ብዬ ነበር'ኮ።»

«ብለሽኛል።»

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ የራሴን ደብዳቤ አንቺ ነሽ የምታርሚልኝ። ሰው የራሱን አያይም። እኔ ደግሞ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ ብዬ ተውኩት። ጥፋተኛ ነኝ።» ቢላውን መልሶ አነሣና «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ?» አለ።

ሳቋ አመለጣት። ከሳቁ በኋላ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ባሏም ድንቹን ትቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሁለት ስፒከር ያለበት ክፍል ውስጥ ግራውን ድምፅ ቀኝ ጆሮም ይሰማዋል፤ ስለዚህ ደህናው ለደካማው እየሠራለት፣ እየሸፈነለት፣ ዓመታት አልፈዋል። ማዳመጫ ግን ለያንዳንዱ ጆሮ ድርሻውን ለየብቻ ይሰጣል። መሸፋፈን የለም።

ያኔ ነው ድንገት ቀጥ ያለችው። ካቻምና፣ አምና። አሥራ አራት ወር። «ግራው ትንሽ የሚጮህ አልመሰለዎትም?» ለራሷ እንዲስተካከልላት ግራውን ከፍ ስታደርግ ኖራለች። ቀጭኔ ልክ ነበረች። ልክ ብቻ ሳትሆን፣ ከክፍሉ ሰው ሁሉ ለመናገር የደፈረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«አሁን ያቀናበርኩት አዲሱ የመዘምራን አልበም...» አለች ሻለቃ ቀስ ብላ። «በአሥር ቀን ውስጥ ይወጣል።»

የጆሮ ሐኪሙ በማግስቱ ተቀበላት። ከልማድ ብዛት ሲናገር የሚጮህ ሰው ነው።

«ቀኙ ይሰማል፣ ዶክተር፣» አለችው፣ «ሁለታችንም አንድከም።»

የመስታወት መስኮት ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ አስገቧት። ዕድሜ ልኳን ከመስታወቱ ወዲህ ሆና ሌላውን ስታዳምጥ የኖረች ሴት፣ ዛሬ ከወዲያ ሆና ተደመጠች። የምትጫነው ቁልፍ ሰጧት፤ ድምፅ ስትሰማ ትጫናለች። በቀኙ፣ ቀጭን ፉጨቶቹ እንደ ትንኝ እስኪሆኑ ድረስ ተጫነች። በግራው ብዙ ዝምታ ነበር። በዝምታው ውስጥ «አሁን ሳያልፈኝ አልቀረም» እያለች አንዳንዴ በግምት ልትጫን ጣቷ ይበላት ነበር፤ ግን አላደረገችውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሐኪሙ ትንሽ ኩክ አወጣላትና ፈተናውን ደገመው። ጥቂት ተሻሻለ። ወረቀቱን አሳያት። የቀኙ ቀይ መስመር ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። የግራው ሰማያዊ መስመር እስከ መሀል አብሮት ከሄደ በኋላ፣ ደረጃ እንደ ሳተ ሰው ቁልቁል ይወርዳል። ምክንያቱን ለማጣራት ሌላ ምርመራም አዘዘላት፤ ከሁለት ቀን በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የሚያሰጋ ነገር አልተገኘበትም።

«ቀኝዎ ለዕድሜዎ እጅግ ጥሩ ነው» አላት። «ግራው ግን ከፍተኛ ቀጫጭን ድምፆችን አይሰማም። ይህ አይመለስም። የመስሚያ መሣሪያ ይረዳዎታል።»

«እሱንም አወዳድሬ ነው የምመርጠው» አለች። «መሥራት እችላለሁ?»

«ይሄን እኔ አላውቅም። ሥራውን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ሻለቃ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ብርሃን የሞላበት የሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ቆማ ትንሽ አሰበች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው በሁለት ጆሮ ብቻ አልነበረም። የት ጋር ምን እንደሚጎድል የሚያውቀው ጭንቅላቷ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተነካም። አሁን የጎደለውን አውቃለች። ያወቁት ጉድለት መላ አለው። መላ የሌለው ያላወቁት ነው።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ስቱዲዮው ባለቤት ነው።

«የመዘምራኑን አልበም አቁመው» አለችው።

«ሻለቃ! ለሰው ሁሉ ተነግሯል፤ ቀኑ ተቆርጧል። ምን ሆነሽ ነው?»

«ግራው ይጮሃል።»

«እኔ አልሰማሁትም።»

«አንተ ያልሰማኸው እኔ ስለሠራሁት ነው። ሻለቃ ከሠራችው ልክ ነው ብላችሁ ጆሯችሁን አሳርፋችኋል። ሰባት ቀን ስጠኝ፤ ቀኑን አናሳልፍም።» ወረቀቱን አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት። ሰውዬው ቀዩንና ሰማያዊውን መስመር አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«አትዘንልኝ፣» አለችው፣ «ስልክህን አንሥተህ ቀኑን የሚጠይቁህን አረጋጋልኝ።»

ከዚያ ወደ ቀጭኔ ሄደች። ይሄኛው ከሁሉም ከበዳት። የቀጭኔ ክፍል በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ በሩ ላይ ቀይ መብራት በርቶ ነበር። ቀረጻ ላይ ናቸው ማለት ነው። ሻለቃ ኮሪደሩ ውስጥ ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ አርባ ደቂቃ ተቀመጠች። በዕድሜዋ ሌላ ሰው አስጠብቋት ያውቃል? አያውቅም። ዛሬ ግን ይገባኛል ብላ ጠበቀች።

መብራቱ ጠፋ። ቀጭኔ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። ስታያት ፊቷ ላይ መጀመሪያ ድንጋጤ፣ ቀጥሎ ጥንቃቄ አለፈ።

«እንደምን ዋሉ» አለች፣ በሩን ግን አልለቀቀችም።

«ደህና ነኝ። አልቀመጥም፣ የመጣሁበትን ልናገር» አለች ሻለቃ። «ያን ቀን ግራው ይጮህ ነበር። ልክ ነበርሽ። ጆሮውን መታጠብ የነበረበት ሌላ ሰው ነበር፤ ታጥቦም ያው ሆነ።» ወረቀቱን ሰጠቻት። «በሰው ፊት ነው ያዋረድኩሽ። ስለዚህ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ የትና ማን ፊት እንደሆነ አንቺ ምረጪ።»

ቀጭኔ ወረቀቱን ብዙ አየችው። ይህን መስመር ማንበብ ታውቃለች።

«እኔ'ኮ» አለች በመጨረሻ፣ «ለስድስት ወር ያህል የኔ ጆሮ ይሆናል ብዬ ነበር። ሐኪም ቤት ሄጄ ተመርምሬያለሁ።»

ሻለቃ ይህን አልጠበቀችም። ከስድቡ ይልቅ ይሄ ነበር የሚያመው። አንዲት ጎበዝ ልጅ በገዛ ጆሮዋ እንድትጠራጠር አድርጋለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቀጭኔ ደግሞ ሻለቃ ስታለቅስ ማየት እንዴት እንደሚቻል የማታውቅ ሆና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ይግቡ እንጂ! ኮሪደር ላይ የሚያለቅስ ሰው ካዩ ደንበኞቼ ሥራዬን ምን ይሉታል?»

ገቡ። ውሃ ጠጡ። ሻለቃ ዓይኗን አበሰችና አልበሙን ነገረቻት።

«ሰባት ቀን አለኝ። ምን መጥፋት፣ ምን መቆየት እንዳለበት እኔ አውቃለሁ። ግራና ቀኙን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። ስምሽ ከስሜ እኩል ይጻፋል፣ ከታች ሳይሆን እኩል። ትመጫለሽ?»

«ሁለት ነገር አለኝ» አለች ቀጭኔ። «ይቅርታውን እስቱዲዮው ውስጥ፣ ያኔ የሳቁት ባሉበት ይሁን። ሁለተኛ፣ እኔ 'ግራ' ካልኩ ክርክር የለም።»

«በሁለተኛው ላይ ትንሽ እከራከርሻለሁ።»

«የለም አልኩ'ኮ!»

«እሺ፣ ሻለቃ» አለች ሻለቃ። ሁለቱም ሳቁ።

ይቅርታው ሰኞ ጠዋት ተጠየቀ። ከበሮ መቺዎቹ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ፤ ሲያልቅ አንደኛው ተነሥቶ «እኔም ስቄያለሁ፣ እኔንም ይቅር በይኝ» አላት። ሥራው አምስት ቀን ፈጀ። ቀጭኔ «ግራ!» ትላለች፤ ሻለቃ ዝቅ ታደርጋለች። ሻለቃ «ሦስተኛዋ ሴት ተቀብራለች፣ አውጫት» ትላለች፤ ቀጭኔ ታወጣታለች። የተከራከሩት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአራተኛው ቀን ነው፤ እሱም ስለ ማሚቶ ርዝመት ነበር፤ ሻለቃ አሸነፈች። የመዘምራኑ መሪ መጥቶ ሰማውና «እስካሁን ከአንድ ጎን ቆሜ ነበር የምመራቸው የሚመስለኝ፤ አሁን መሀል ቆምኩ» አለ። አልበሙም በተቆረጠለት ቀን ወጣ።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ሻለቃ ወደ ሱቁ ተመለሰች። ሻጩ አምስቱንም ለይቶ አስቀምጦላት ነበር። በዚህ ጊዜ ያያት ደንበኛ ሌላ ሴት ነበረች፤ አልቸኮለችም፣ አልተሳደበችም። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ አዳመጠች፤ አንዴ እንደ ደንቡ፣ አንዴ አዙራ። የመጀመሪያው ከበሮን ያሳብጣል። ብረት ለባሹ ድምፁ ያማረ ነው፤ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሸከመው አንገት የላትም። ሦስተኛው ሁሉንም ነገር ያባብላል፤ የተበላሸውንም ጭምር። አምስተኛው ቅሬታ የለውም፤ ፍቅርም የለውም።

«አራተኛውን» አለች።

«ቆርቆሮ ያሉትን?» አለ ሻጩ፣ ፈገግታውን እየዋጠ።

«አዎ፣ ወንድሜ። ያን ቀን በጣም የተናደድኩበት እሱ ነው። የተናደድኩትም ምንም ስላልደበቀልኝ ነው። ከስፒከሮቼ ቀጥሎ ቤቴ የሚገባ ይሄን የመሰለ ሐቀኛ ነው።» ከዚያ ወደ ሥራዋ ጠባይ ተመለሰች። «የጆሮ ትራሱ ሲያልቅ ይቀየራል? ገመዱስ? ግራና ቀኙን ለየብቻ የሚያስተካክል ማጉያ አለህ?»

ሁሉም ነበረው። ዋጋውን ለባሏ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም፤ በሰላም ለመኖር ዋናው ዘዴያቸው ይኸው ነበር።

በዚያው ቀን፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ ጸጥ እንዳለ ማዳመጫውን አደረገች። የማጉያውን ማስተካከያ ወደ ግራ ሁለት ነጥብ ያህል አዞረችው፤ ትንሽ ጨመረች፤ መለሰች። የጠፉት ቀጫጭን ድምፆች አልተመለሱም፤ እሱን ታውቀዋለች። ግን ክፍሉ ከሁለት ወገን ተከፈተላት፤ ሴቶቹ በግማሽ ክብ ዙሪያዋን ቆሙ። አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሰማችው። ስታወልቀው ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እስቲ እኔም ልየው» አለ።

አጠለቀችለትና ከፈተችለት። ሰውዬው መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈነ። ቀጥሎ አፉ ተከፈተ። ሰማንያ ቃላት ለአንድ ሳምንት የሚበቁት ዝምተኛ ሰው፣ ጆሮው በሙዚቃ ተሞልቶ የራሱን ድምፅ መስማት ስላቃተው፣ በሙሉ ኃይሉ ጮኸ።

«ይሄ እኮ ጉድ ነው! ሴቶቹ ሁሉ እዚህ ናቸው! ሚስቴ፣ ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

ሻለቃ በሁለት እጇ አፉን ልትይዝ ዘለለች፤ ግን አልደረሰችበትም። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ። ልጃቸው ፀጉሯ ተንጨፍሮ ቆመች፤ እናቷን አየች፣ ዝም ያሉትን ስፒከሮች አየች፣ ከዚያ አባቷን አየች።

«አባዬ?» አለች፣ ማመን አቅቷት። «አንተ ነህ የጮህከው?»

አባትየው አልሰማትም። ዓይኑን ጨፍኖ እጁን እንደ መዘምራን መሪ እያወዛወዘ ነበር። ልጅቷ ለመቆጣት ትንፋሿን ሳበች፤ ቁጣው ግን በመሀል መንገድ ሳቅ ሆነባት። መጥታ፣ ወንበሯ ላይ ከተመለሰችው እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ጣለች።

«እሱ ሲጨርስ እኔም ልስማ» አለች። «አንድ ዘፈን ብቻ። ከዚያ እተኛለሁ።»

ሻለቃ የልጇን ፀጉር እያስተካከለች ተራዋን አብራት ጠበቀች።